ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ወጥታ አሁን የምትተዳደረው በየትኛው ውል ነው?

ደጀን ዘአራት ኪሎ (ርእሱን የከፈተ)

ሰሞኑን ከአንድ ወዳጄ ጋር ስንከራከር ሰንብተናል። እሱ «ብሪታንያ ወጣች፣ አለቀ፤ ከእንግዲህ ከአውሮፓ ጋር የሚያገናኛት ባሕሩ ብቻ ነው» ባይ ነው። እኔ ደግሞ መውጣቷ አንድ ነገር፣ ከወጣች በኋላ የፈረመችው ውል ሌላ ነገር ነው እላለሁ። እዚህ መድረክ ላይ በለንደንም በፍራንክፈርትም የምትኖሩ፣ ዕቃ የምትልኩና የምታስመጡ ስላላችሁ ጉዳዩን ልዘርጋውና እናንተ ሙሉበት። ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ሁለት ውሎች አሉ፤ ጋዜጦቻችን ብዙ ጊዜ ያምታቷቸዋል። አንደኛው የመውጫ ስምምነት ነው። በጁን 2016 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ 51.9 በመቶው ድምፅ ሰጪ «እንውጣ» ካለ በኋላ ስንት ጠቅላይ ሚኒስትር አስለውጦ የተደረሰበትና በጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ብሪታንያ በይፋ ስትወጣ ሥራ ላይ የዋለው ነው። እሱ ያለፈውን ሒሳብ ይዘጋል፦ የገንዘብ ክፍያውን፣ በሁለቱም ወገን ይኖሩ የነበሩ ዜጎችን መብት፣ የሰሜን አየርላንድን ጉዳይ። ሁለተኛው የንግድና የትብብር ስምምነት ይባላል፤ የወደፊቱን ግንኙነት የሚገዛው እሱ ነው። የተስማሙት በዲሴምበር 24 ቀን 2020፣ የፈረንጆች ገና ዋዜማ ላይ ነው። በስድስተኛው ቀን ተፈረመ፤ በዚያው ቀን የብሪታንያ የሕዝብ ተወካዮች ከሺህ ገጽ በላይ የሆነውን ውል የሚያስፈጽመውን ሕግ 521 ለ73 በሆነ ድምፅ አሳለፉት። (እኛ ሀገር እንዲህ ቢደረግ ምን እንደምንል አስቡት።) የአውሮፓ ፓርላማ በበኩሉ እስከ ኤፕሪል 2021 ጊዜ ወስዶ በ660 ድጋፍ፣ በ5 ተቃውሞና በ32 ድምፀ ተዓቅቦ አጸደቀው፤ እስከዚያ በጊዜያዊነት ሲሠራበት ቆይቶ ሙሉ በሙሉ የጸናው በሜይ 1 ቀን 2021 ነው።

የእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ ውሉ ብሪታንያን አያዝዛትም። «ይህን ብታደርጊ ይህን ታጪያለሽ» ይላታል እንጂ። ነፃነቷ እውነተኛ ነው፤ ግን ዋጋ ተለጥፎበታል። ተቃውሞ ያለው ይምጣ።

የጭነት ሰው፣ ለንደን

ደጀን፣ ስለ ዋጋው እኔ ልናገር፤ በየቀኑ ቅጹን የምሞላው እኔ ነኝና። የምሠራው በአንድ የጭነት ድርጅት ውስጥ ነው፤ በሀገር ቤት አነጋገር ትራንዚተር ነኝ።

በውሉ «ቀረጥ ዜሮ፣ ኮታ ዜሮ» ሲባል ሰው ሁሉ ወረቀትም ዜሮ ይመስለዋል። ብሪታንያ የወጣችው ከኅብረቱ ብቻ አይደለም፤ ከጋራ ገበያውም ከጉምሩክ ኅብረቱም ጭምር ነው። የሽግግሩ ጊዜ እስካበቃበት እስከ 2020 መጨረሻ ድረስ ከማንችስተር ሚላን የሚሄድ ጭነት ከአዲስ አበባ አዳማ እንደሚሄድ ነበር፤ ኬላ እንኳን አልነበረበትም። አሁን በዚህ በኩል የመላኪያ ዲክላራሲዮን፣ በዚያ በኩል የማስገቢያ ዲክላራሲዮን አለ። ዕቃው የእንስሳት ተዋጽኦ ከሆነ የእንስሳት ሐኪም የፈረመበት የጤና ሰርተፊኬት ይጨመራል። አንዲት ፊርማ ጎደለች ማለት መኪናው ወደብ ላይ ያድራል፤ ዓሣ ከጫነ ደግሞ ቀሪውን ገምቱት።

ትልቁ ራስ ምታት ግን የስሪት ሀገር ደንብ ነው። ዜሮ ቀረጡን የሚያገኘው በውሉ መለኪያ የብሪታንያ ወይም የአውሮፓ ኅብረት ምርት የሆነ ዕቃ ብቻ ነው። ከዚያ ስለተላከ አያገኝም፤ እዚያ የተሠራ መሆን አለበት። ጀርመን ውስጥ የተሠራ ከረሜላ ወደ ብሪታንያ ይገባል፣ ቀረጥ የለበትም። ያው ከረሜላ ምንም ሳይነካ ከብሪታንያ መጋዘን ወደ አየርላንድ ሱቅ ሲላክ ግን ቀረጥ ሊጠየቅበት ይችላል፤ ብሪታንያ ውስጥ አልተሠራማ! ከአውሮፓ ወጥቶ ወደ አውሮፓ የተመለሰ ዕቃ እንደ ባዕድ የሚታይበት ጊዜ መጣ። ነጋዴዎች በጃንዋሪ 2021 ይህን ሲረዱ ያየሁት ግራ መጋባት አይረሳኝም።

በኤሌክትሪክ መኪናም እንዲሁ ነው። ባትሪው ከእስያ ስለሚመጣ መኪናው «የእኛ ምርት» ለመባል ይቸገራል፤ ካልተባለ 10 በመቶ ቀረጥ ይከፈልበታል። ደንቡ በ2024 መጀመሪያ ሊጠብቅ ነበር፤ በሁለቱም ወገን ያሉ አምራቾች ስለጮኹ በመጨረሻው ሰዓት እስከ 2026 መጨረሻ አራዘሙት። ትልልቆቹ እንዲህ ይጮኻሉ፣ ይሰማሉም። በሳምንት ሁለት ካርቶን አይብ ወደ ፓሪስ ይልክ የነበረው ሰውዬ ግን ማንም ሳይሰማው መላኩን ተወ።

ሰላማዊት ዘፍራንክፈርት

አይብ ካነሣችሁ የእኔንም ስሙልኝ። ለእኅቴ ልጅ ሠርግ ከለንደን ንጥር ቅቤና ቋንጣ ይዤ ስመለስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሻንጣዬን አስከፈቱኝና ወሰዱት። ቅቤው በኮሰረትና በኮረሪማ የተነጠረ ነው፣ ስንት ሰዓት የተደከመበት! ሰውየው ጓንቱን አድርጎ ቆሻሻ ውስጥ ሲከተው ቆሜ አየሁ። ዜሮ ቀረጥ ነው እያላችሁ አይደል? ውላችሁ ስለ ቅቤዬ ምን ይላል?

የጭነት ሰው፣ ለንደን

እኅቴ፣ ምንም አይልም፤ ችግሩም እሱ ነው። ውሉ ቀረጥ አነሣ እንጂ የምግብና የእንስሳት ጤና ቁጥጥርን አላስቀረም። ስለዚህ ብሪታንያ በአውሮፓ ዓይን እንደማንኛውም የውጭ ሀገር ናት፤ ከውጭ ሀገር ደግሞ መንገደኛ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት አይችልም። ከኤፕሪል 2025 ወዲህ በተቃራኒውም ተከልክሏል፤ በጀርመን፣ በሃንጋሪና በስሎቫኪያ አፍተግር የሚባለው የከብት በሽታ በመታየቱ ብሪታንያም ከአውሮፓ የሚመጣውን የመንገደኛ ሥጋ፣ ቅቤና አይብ ዘጋች። በርበሬሽና ሽሮሽ በዚህ ክልከላ ውስጥ የሉም።

የሚገርመው ደግሞ አውሮፓ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሙሉ ቁጥጥር ሲያደርግ ብሪታንያ ከአውሮፓ በሚመጣው ምግብ ላይ ቁጥጥሩን ደጋግማ እያራዘመች እስከ 2024 አቆየችው። «ድንበራችንን እንቆጣጠራለን» ብለው ወጡ፤ ሲቆጣጠሩት የገዛ ገበያቸው ምግብ እንደሚወደድ ታያቸው።

ነፃ ሐሳብ

ይቅርታ፣ ሁላችሁም ለቅሶ ቤት የተቀመጣችሁ ትመስላላችሁ። ቅቤ ተጣለ፣ ወረቀት በዛ። እሺ። ብሪታንያ ያገኘችውስ? የሉክሰምበርጉ የአውሮፓ ፍርድ ቤት ይህን የንግድ ውል አይዳኝም። ሕጓን የራሷ ፓርላማ ያወጣል። በዲሴምበር 2024 የፓስፊክ አገሮችን የንግድ ማኅበር ተቀላቀለች፤ በጁላይ 2025 ከሕንድ ጋር ፈረመች። በዚያው ዓመት አሜሪካ በዓለም ሁሉ ላይ ቀረጥ ስትጥል ለአብዛኛው የብሪታንያ ዕቃ 10፣ ለአውሮፓ ኅብረት 15 በመቶ ነው የሆነው። ኅብረቱ ውስጥ ብትሆን ይህን ታገኝ ነበር? አንድ ሀገር ራሷን ማስተዳደር ፈለገች፤ ዋጋውን አውቃ ከፈለች። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ለመረዳት መቸገር አልነበረብንም።

ባለ ባንክ ቤቱ

ዋጋውን አውቃ ከፈለች ላልከው፦ ከብሪታንያ ኢኮኖሚ 80 በመቶ ያህሉ አገልግሎት ነው። ውሉ ደግሞ ለዕቃ ሰፊ፣ ለአገልግሎት ጠባብ ነው። የለንደን ባንክ በአንድ ፈቃድ መላ አውሮፓን ያገለግል ነበር፤ ያ መብት በ2020 የመጨረሻ ሌሊት አበቃ። የሐኪሙ፣ የአርክቴክቱ፣ የሒሳብ አዋቂው የሙያ ፈቃድ ቀጥታ መታወቁም ቀረ። ለዓሣ ሌሊቱን ሁሉ ሲነታረኩ አድረው፣ ከዓሣ ጋር የማይወዳደር ገንዘብ የሚያስገባውን ዘርፍ በጥቂት ገጽ አለፉት። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ…

የሕግ ተማሪ፣ ስድስት ኪሎ

ነፃ ሐሳብ ስለ ፍርድ ቤቱ ያሉት ልክ ነው፤ ግን ዳኛ የለም ማለት አይደለም። ውሉ እንዴት እንደሚዳኝ ለማየት ከዓሣው ክርክር የተሻለ ምሳሌ ስለሌለ ትንሽ ልዘርዝር።

ሳንድኢል የሚባል ጣት የምታክል ዓሣ አለች። ሰው ብዙም አይበላትም፤ ለመኖና ለዘይት ትጠመዳለች፤ በሰሜን ባሕር አብዛኛውን የሚያጠምዱትም የዴንማርክ መርከቦች ናቸው። ይህችው ዓሣ ፓፊን የሚባለውን ወፍ ጨምሮ የባሕር ወፎች ቀለብ ናት። ወፎቹ እየተመናመኑ ስለሆነ ብሪታንያ በማርች 2024 በእንግሊዝ የሰሜን ባሕር ክልልና በስኮትላንድ ውኃ ሳንድኢል ማጥመድን ለማንም ከለከለች፤ ለራሷም መርከቦች ጭምር። የአውሮፓ ኅብረት «በውሉ የተሰጠንን የማጥመድ መብት ነካችሁ» አለ።

ከዚያ የሆነው ነው ትምህርቱ። መጀመሪያ ምክክር ጠየቁ፤ ውሉ ያዝዛል። አልተግባቡም። ከዚያ ሦስት የግልግል ዳኞች ተሰየሙ፤ ሄግ የሚገኘው ቋሚ የግልግል ፍርድ ቤት ጽሕፈት ቤት ሆነላቸው። ብሪታንያ አንድ ዳኛ፣ ኅብረቱ አንድ ዳኛ፣ ሰብሳቢው ደግሞ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ። ውሳኔው በሜይ 2025 ይፋ ሆነ፤ በዚህ ውል ሥር የተሰጠ የመጀመሪያው ነው። ዳኞቹ እገዳው ሳይንሳዊ መሠረት አለው አሉ። የስኮትላንድን እገዳ አጸኑ። በእንግሊዝ በኩል ግን መንግሥት ውሳኔውን ሲወስን የአውሮፓ አጥማጆች የሚደርስባቸውን ጉዳት ከሚገኘው ጥቅም ጋር በሚገባ አላመዛዘነም አሉ። እገዳውን አንሡ ግን አላሉም።

ልብ በሉ፦ ዳኞቹ «ሕግ ማውጣት አትችሉም» አላሉም፤ «ስታወጡ የጎረቤታችሁን ጉዳት መዝናችኋል ወይ?» ነው ያሉት። ደጀን «ዋጋ ተለጥፎበታል» ያለውን እኔ በዚህ ነው የምረዳው።

ሌላም አለ። አንዱ ወገን የሠራተኛ መብትን፣ የአካባቢ ጥበቃን ወይም ድጎማን በሚመለከት ከሌላው ርቆ ቢሄድና ይህ በንግዱ ላይ ከባድ ተጽዕኖ ቢያመጣ፣ ሌላው ወገን ማካካሻ እርምጃ መውሰድ ይችላል። ብሪታንያ ከአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ስምምነት ብትወጣ ደግሞ የፖሊስና የፍትሕ ትብብሩ ክፍል በዚያው ይቋረጣል። በተረፈ እንደ ወይዘሮ ሰላማዊት ያለ ግለሰብ ይህን ውል ይዞ ፍርድ ቤት ሄዶ «መብቴ ተነካ» ሊል አይችልም። ከማኅበራዊ ዋስትናው ክፍል በስተቀር ውሉ ለግለሰብ በቀጥታ መብት አይሰጥም፤ የሚከራከሩት መንግሥታቱ ናቸው።

ሰላማዊት ዘፍራንክፈርት

ወይዘሮ አታድርገኝ፣ ገና ነኝ። ቅቤዬን ግን የሚከራከርለት መንግሥት እንደሌለ ገብቶኛል።

ነፃ ሐሳብ

የሕግ ተማሪው ጥሩ ጻፍክ። ግን የጻፍከው እኔን ነው የሚደግፈው። እገዳው እንደጸና ቆየ? ቆየ። ፓፊኑ ቀለቡን አገኘ። ብሪታንያ ኅብረቱ ውስጥ ብትሆን ይህን ብቻዋን ማድረግ አትችልም ነበር።

ደጀን ዘአራት ኪሎ

ይህን እቀበላለሁ። ግን ዓሣው እዚያ ላይ አላበቃም። በውሉ መሠረት ኅብረቱ በብሪታንያ ውኃ ከነበረው የማጥመድ ድርሻ ሩቡ ቀስ በቀስ ወደ ብሪታንያ እንዲዞርና ከጁን 2026 በኋላ የመግባቱ መብት በየዓመቱ ድርድር እንዲሆን ነበር የታሰበው። «ያኔ እናሳያቸዋለን» ሲባል ነበር። ያ ቀን ሳይደርስ በሜይ 2025 ለንደን ላይ ተሰብስበው አሁን ያለውን መብት እስከ 2038 አራዘሙት። በዚያው ስብሰባ ብሪታንያ የምግብና የእንስሳት ጤና ስምምነት ላይ ለመደራደር በር አስከፈተች፤ የሰላማዊት ቅቤ ጉዳይ ማለት ነው። ለዚያ ደግሞ የኅብረቱን የምግብ ደንብ እየተከተለች ለመሄድ፣ የኅብረቱን ሕግ ትርጉም በተመለከተም የመጨረሻው ቃል ያው የሉክሰምበርጉ ፍርድ ቤት እንዲሆን በመርሕ ተስማማች። ወጥታ የሄደችበትን ፍርድ ቤት በሌላ በር ገብታ አገኘችው። ማንም አላስገደዳትም፤ አጥማጁን ይዛ አርቢውንና ነጋዴውን መልቀቅ አልፈለገችም፣ ይኸው ነው።

በሳይንስም እንዲሁ ሆኗል። የአውሮፓ የምርምር ፈንድ ውስጥ መሳተፍ በውሉ ላይ ተጽፎ ነበር። በሰሜን አየርላንድ የዕቃ ቁጥጥር ጉዳይ ስለተጣሉ ግን የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች እስከ ጃንዋሪ 2024 ደጅ ቆዩ። ላቦራቶሪን ከዕቃ ቁጥጥር ጋር ምን አገናኘው? በዚህ ግንኙነት ውስጥ ሁሉም ነገር ከሁሉም ጋር ይገናኛል።

ከቤልፋስት

ሰሜን አየርላንድን ካነሣችሁ ባጭሩ፦ እኛ ዘንድ ነገሩ ሌላ ነው። ለዕቃ የምንተዳደረው በዚህ ውል ሳይሆን በመውጫው ስምምነትና በ2023ቱ የዊንድዘር ማሻሻያ ነው። ከሊቨርፑል የመጣ ዕቃ እዚሁ የሚቀር ከሆነ በቀላሉ ያልፋል፤ ወደ አየርላንድ ሪፐብሊክ ሊሻገር የሚችል ከሆነ ይፈተሻል። በአንድ ሀገር ውስጥ ሁለት የጉምሩክ መስመር ማለት ነው። ሱቅ ለከፈተ ሐበሻ ምክሬ፣ አቅራቢህ በየትኛው መስመር እንደሚልክ አስቀድመህ ጠይቅ።

የአበባው ልጅ፣ ባቱ

ወገኖች፣ እኔ እዚህ በአበባ እርሻ ውስጥ የምሠራ ነኝ። ይህ ሁሉ የፈረንጆች ጣጣ ለእኛ ምን አመጣ?

የጭነት ሰው፣ ለንደን

ወንድሜ፣ ጥሩ ጠየቅህ፤ እናንተንማ በቀጥታ ነክቷችኋል። ኢትዮጵያ ውስጥ የተቆረጠ አበባ ወደ ብሪታንያ በቀጥታ ከመጣ ቀረጥ የለበትም፤ ብሪታንያ ለታዳጊ አገሮች ባወጣችው ሥርዓት ይገባል። ነገር ግን ብዙው አበባችሁ የሚሄደው ኔዘርላንድስ ጨረታ ላይ ነው፣ ከዚያ የብሪታንያ ነጋዴ ገዝቶ በመኪና ያሻግረዋል። ድሮ አምስተርዳም ገባ ማለት ለንደን ገባ ማለት ነበር። ከ2021 በኋላ ግን አበባው በጉምሩክ ቁጥጥር ሥር ሳይነካ ካልተሻገረ በቀር መሐል ላይ ቀረ፦ የአውሮፓ ምርት ስላልሆነ የዚህ ውል ዜሮ ቀረጥ አይደርሰውም፤ በቀጥታ ስላልመጣም የኢትዮጵያን ዕድል ያጣል። ስለዚህ 8 በመቶ። ብሪታንያ ይህን አይታ ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ እስከ ጁን 2026 መጨረሻ በተቆረጠ አበባ ላይ ያለውን ቀረጥ አንሥታለች፤ በሦስተኛ ሀገር በኩል የሚመጣውንም ይጨምራል። የጠቀመው በተለይ እናንተንና ኬንያን ነው። ሁለት አካላት ሲዋዋሉ ሦስተኛው እንዴት እንደሚቆነጠጥ ማየት የፈለገ ጽጌረዳውን ይመልከት።

አንድ አንባቢ

ማንም ስላላነሣው እኔ ላንሣው። እኛስ ከኤርትራ ጋር ይህንኑ አልሞከርንም? በ1993 ነፃነት ታወጀ፤ ገንዘቡ ብር ሆኖ ቀጠለ፣ አሰብ ወደባችን ሆኖ ቀጠለ፣ ስምምነቶችም ተፈረሙ። በኖቬምበር 1997 የኤርትራ የራሷ ገንዘብ፣ ናቅፋ፣ ወጣ፤ አዲስ አበባ ከአነስተኛ የድንበር ንግድ በቀር ግብይቱ በውጭ ምንዛሪና በሌተር ኦፍ ክሬዲት (በባንክ የክፍያ ዋስትና) ይሁን አለች። ንግዱ ቆመ ማለት ይቻላል። በሜይ 1998 ባድመ። ጦርነቱ በናቅፋ ብቻ መጣ አልልም፣ ምክንያቱ ብዙ ነው። ግን የገንዘቡ ጠብ ሲመጣ ማን ዘንድ ሊካሰሱ ነበር?

የሕግ ተማሪ፣ ስድስት ኪሎ

በትክክለኛው ቦታ ነው ያነሡት። አንድ ነገር ልጨምር፦ ለሳንድኢሉ ክርክር ጽሕፈት ቤት የሆነው የሄጉ ቋሚ የግልግል ፍርድ ቤት፣ ከአልጀርሱ ስምምነት በኋላ ለኢትዮጵያና ለኤርትራ የድንበርና የካሳ ኮሚሽኖችም ጽሕፈት ቤት ነበር። ያው ሕንፃ። ብሪታንያና አውሮፓ ስለ ዓሣ ሲጣሉ ሄዱበት፤ እኛ የሄድንበት በአስር ሺዎች ከሞቱ በኋላ ነው።

ነፃ ሐሳብ

ይህ ሌላ ርእስ ይሻል። ስትከፍቱት ጥሩኝ፤ እከራከራለሁ።

እናትዋ ሮም ያሉ

ከፖለቲካው ልመልሳችሁ። የብሪታንያ ፓስፖርት አለኝ፣ እናቴ ሮም ናት። ስንት ጊዜ መቆየት እችላለሁ? ጡረታዬስ? ቀድሞ ጣሊያን ሠርቻለሁ።

የጭነት ሰው፣ ለንደን

ያለ ቪዛ በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ነው፣ በጠቅላላ የሼንገን አገሮች ተደምሮ እንጂ ለጣሊያን ብቻ አይደለም። ፓሪስ የቆየሽው ሳምንት ይቆጠርብሻል። ከዚያ በላይ ከሆነ የጣሊያንን የመኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ አለብሽ። ጡረታውን በተመለከተ ግን ዕድለኛ ነሽ፤ ውሉ የማኅበራዊ ዋስትና ክፍል ስላለው በሁለቱም አገር የከፈልሽበት ዘመን ተደምሮ ይታያል። የጣሊያን መዋጮሽን ማስረጃ ፈልገሽ በእጅሽ ያዢ፤ ማመልከቻው ላይ የሚጠይቁሽ እሱን ነው። ቅቤ ግን ይዘሽ አትሂጂ።